ስለ ትንሿ ጥይት ለተከራከሩኝ ሰዎች የተሰጠ መልስ

በአንድ የመልስ ግብዣ ላይ፥ ምሳ ተበልቶ ቡና ከቀረበ በኋላ፥ ቀድሞ ያስተማርሁት አንድ ነጋዴ ከኪሱ አንዲት ጥይት አውጥቶ ከሲኒዬ አጠገብ አቆማት። ቁመቷ ከሲኒው ግማሽ አያልፍም። «ጋሼ፥ እርስዎ ሽጉጥን በሄዱበት ሁሉ ይነቅፋሉ። እስቲ ይህችን ይመልከቷት፤ ከዚህች ትንሽ ነገር ምን ያህል ክፋት ይመጣል? ሽጉጡን ከአያቴ ነው የወረስሁት፤ ለመከላከያ እንጂ ለሌላ አላስቀመጥሁትም» አለኝ። በዙሪያችን የተቀመጡትም «እውነቱን ነው፥ ትንሽ ናት እኮ» እያሉ አገዙት። የሰው ደስታ ማበላሸት አላማረኝምና እኔም አብሬ ሣቅሁ። ቤቴ ስገባ ግን ሣቄ ቈጨኝ። እዚያ ያልተናገርሁትን እዚህ እናገራለሁ። የአውሮጳና የአሜሪካ ነገር ሲነሣ ዓመቱን በእነርሱ አቈጣጠር እጽፋለሁ፤ ዓ.ም. ያልሁበት ግን የእኛው ነው።

በመጀመሪያ፥ ልጄ፥ «ትንሽ» ያልኸውን ቃል እንመርምር። ያቺ ጥይት «ዘጠኝ አጭር» የምትባለው ናት። ጣልያኖች ኮርቶ፥ ጀርመኖች ኩርዝ፥ ፈረንሳዮች ኩር ይሏታል፤ ሁሉም አጭር ማለት ነው። አሜሪካኖች በኢንች ቈጥረው 380 ብለው ይጠሯታል። ያወጣት ጆን ሞሰስ ብራውኒንግ የተባለው ስመ ጥር አሜሪካዊ የመሣሪያ ባለሙያ ነው፤ ኮልት የተባለውም ፋብሪካ በ1908 ለኪስ በሠራው ሽጉጥ ለገበያ አቀረባት። የነሐስ ቀለሟ ሳይሆን የነሐስ ቀለህዋ 17 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ ከነእርሳሷ 25 ሚሊሜትር ትሆናለች። እርሳሱ 6 ግራም ያህል ይመዝናል። ቃታው ሲሳብ መርፌው በቂጧ ላይ ያለችውን መለኰሻ ይመታል፤ መለኰሻዋ ባሩዱን ታቀጣጥላለች፤ ባሩዱም በቅጽበት ጋዝ ሆኖ እርሳሱን በሴኮንድ ከ280 እስከ 300 ሜትር በሚደርስ ፍጥነት ይገፋዋል። ድምፅ በአየር ውስጥ በሴኮንድ 340 ሜትር ያህል እንደሚሄድ በክፍል ውስጥ አስተምሬሃለሁ። እንግዲህ «ትንሿ» ጥይት ከድምፅ ጋራ ጥቂት ብቻ የምትበላለጥ ናት።

አጭር የተባለችውስ ከማን ጋራ ተመዝና ነው? ከእርሷ ጥቂት ዓመት ቀድሞ በ1902 ለጀርመኑ ሉገር ሽጉጥ ከወጣው ጥይት ጋራ ነው፤ የዚያኛው ቀለህ 19 ሚሊሜትር ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 2 ሚሊሜትር ያህል ነው። ጥይት በጥይት ስትለካ ታጥራለች እንበል፤ በሰው ገላ ስትለካ ግን አጭር የሚላት ማን ነው? ስም ያወጡላት የጦር መሣሪያ ሻጮች ናቸው፤ እኛም የሻጩን ስም እንደ ባሕርይዋ ቈጠርነው።

የአጭርነቷ ምክንያት ርኅራኄ አይደለም፤ የሥራ ዘዴ ነው። ኃይለኛ ጥይት የሚጐርስ ሽጉጥ በሚተኰስበት ጊዜ የኋላውን ብረት አጥብቆ የሚቈልፍ መሣሪያ ያስፈልገዋል። ለዚህች ጥይት ግን የብረቱ ክብደትና አንድ ጥቅልል ሽቦ ይበቋታል። ስለዚህ ሽጉጡ ጠፍጣፋና ቀላል፥ ዕቃውም ጥቂት ሊሆን ቻለ፤ ብዙ ፋብሪካ ሊሠራው ቻለ፤ ከሁሉም በላይ በኪስ ሊገባ ቻለ። የኮልቱ ፋብሪካ መዶሻውን እንኳ ከውስጥ የሸሸገው ሽጉጡ ከኪስ ሲወጣ በጨርቅ እንዳይያዝ ነው። ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። የዚህች ጥይት የመጀመሪያ ጥቅሟ መከላከል አይደለም፤ መሸሸግ ነው።

በአገራችን የኖረውን ጠመንጃ አስታውስ። አባቶቻችን ውጅግራና ምንሽር ሲይዙ በትከሻቸው ላይ ነበር። እኔ ያንን ዘመን ቅዱስ ነበረ አልልም፤ ብዙ ደም ፈሶበታል። ነገር ግን ባለ ጠመንጃው ከሩቅ ይታያል፤ እናትም ልጆቿን ወደ ቤት ታስገባለች፤ ለዕርቅ የተቀመጡ ሽማግሎችም «መሣሪያህን አኑር» ብለው ከግድግዳ ያስጠጉታል፥ ከዚያ በኋላ ነገር ይጀመራል። ከጋቢ ሥር ያለውን ሽጉጥ ማን አኑር ይለዋል? በልቅሶ ቤት ከአጠገቤ የተቀመጠው፥ በዕድር ስብሰባ ላይ እጁን አውጥቶ የሚከራከረው ሰው በብብቱ ሰባት ሞት ይዞ እንደ ሆነ በምን አውቃለሁ? እርሱ ያውቃል፥ እኔ አላውቅም፤ እንዲህ ያለው ጨዋታ እኩል አይደለም። ሰው የሚናገረውም ሌላ ይሆናል፤ በብብቱ ብረት ያለበት ሰው ንግግሩን ለማለዘብ የሚያስገድደው ነገር የለም። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ።

«ደካማ ጥይት ናት፤ ለጦርነት እንኳ አትሆንም» የሚለውን ክርክር ደግሞ ከብዙ ሰዎች ሰምቻለሁ። ለዚህ መልስ የሚሆኑኝ ሁለት ሰዓቶች ናቸው።

ጁን 28 ቀን 1914፥ በእኛ ሰኔ 21 ቀን 1906 ዓ.ም.፥ የአውስትሪያና የሀንጋሪ አልጋ ወራሽ ፍራንዝ ፈርዲናንድ ከሚስታቸው ከሶፊ ጋራ በሳራዬቮ ከተማ በመኪና ያልፉ ነበር። ኔዴልኮ ቻብሪኖቪች የተባለ ወጣት ቦምብ ወረወረባቸው። ቦምቡ ኢላማውን ስቶ በኋላ በሚከተለው መኪና ዘንድ ፈነዳ፤ ሰዎች ቈሰሉ፥ አልጋ ወራሹ ግን ዳኑ፤ ወርዋሪውም በሕዝብ ፊት ተያዘ። በዚያው ረፋድ ነጂው መንገድ ተሳስቶ መኪናውን ሲያቆም፥ ከሤረኞቹ አንዱ ጋቭሪሎ ፕሪንሲፕ በጥቂት እርምጃ ርቀት ቆሞ ነበር። ዕድሜው 19 ዓመት ነው። ከልብሱ ሽጉጥ አወጣና ሁለት ጊዜ ተኰሰ። አንደኛዋ የባልን አንገት፥ ሁለተኛዋ የሚስትን ሆድ መታች፤ ሁለቱም ሞቱ። ሽጉጡ በቤልጅየም ኤፍ. ኤን. በተባለው ፋብሪካ የተሠራው የ1910 ብራውኒንግ ነው፤ የጐረሰውም ያችኑ ዘጠኝ አጭርን ነው። የኢየሱሳውያን ማኅበር ቄስ ሽጉጡን ወስደው አኖሩት፤ በማኅበሩ ዘንድ ብዙ ዘመን ከተቀመጠ በኋላ በ2004 ለቪየና የጦር ሙዚየም ተሰጠ። ከዚያች ዕለት በኋላ የመጣውን ታላቅ ጦርነት ጥይቷ ወለደችው አልልም፤ ነገሥታቱና ጄኔራሎቹ ባሩዱን ቀድመው ከምረውት ነበር። እኔ የምለው ይህን ብቻ ነው፦ ትልቁ ቦምብ ያልቻለውን ሁለት ትንንሽ ጥይቶች ቻሉት።

ሁለተኛው ሰዓት በዴልሂ ነው። ጃንዋሪ 20 ቀን 1948 ማሐትማ ጋንዲ በቢርላ ቤት ግቢ ጸሎት ሲመሩ ማዳንላል ፓህዋ የተባለ ሰው ፈንጂ አፈነዳ። ጋንዲ አልተነኩም፤ አፈንጂው ተያዘ። ከ10 ቀን በኋላ፥ ጃንዋሪ 30፥ እኒያ የ78 ዓመት ሽማግሌ በሁለት ልጃገረዶች ትከሻ ተደግፈው ወደ ጸሎቱ ቦታ ሲሄዱ፥ የዚያው ሤራ ተካፋይ የሆነው ናቱራም ጎድሴ ከሕዝቡ መካከል ወጥቶ፥ እጅ የሚነሣ መስሎ ቀረበና ሦስት ጊዜ ተኰሰ። ሽጉጡ የ1934 ቤሬታ ነው፤ ጥይቱም ዘጠኝ አጭር። እዚህም ፈንጂው ከሸፈ፥ ትንሿ ጥይት ሠራች። ቦምብ ይታያል፥ ይሰማል፥ ሰው ይጮኻል፤ ይህች ግን ሰላምታ እስኪሰጥ ድረስ ትታገሣለች።

የሁለቱን ቀን በእኛ አቈጣጠር ሳስብ ሰኔ 21 እና ጥር 21 ሆነው አገኘኋቸው። እናቴ በሕይወት ብትኖር «ሁለቱም በማርያም ዕለት!» ብላ ታማትብ ነበር። እኔ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደግሁ ስለ ሆንሁ ዕለት ቈጥሬ ምሥጢር አልፈታም፤ ቢሆንም ይህን ካየሁ ወዲህ ከልቤ አልጠፋም።

እንግዲህ «ደካማ» ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ ተመልከት። በሜዳ ላይ ሁለት መቶ ሜትር ርቆ ለሚመጣ ጠላት ደካማ ናት፤ ልክ ነው። ጠንካራ የምትሆነው በክንድ ርቀት ነው። በክንድ ርቀት የሚገኘው ደግሞ ማን ነው? ጠላትህ በክንድ ርቀት አይቀመጥም። እዚያ የሚቀመጡት ሚስትህ፥ ወንድምህ፥ ድንበርተኛህ፥ አብሮህ የሚጠጣው ወዳጅህ፥ ከሁሉም ይልቅ ልጅህ ናቸው። ሠራዊቶችና ፖሊሶች አብዛኞቹ ይህችን ጥይት እየተዉ ወደ ረዥሟ ዘጠኝ ሄደዋል። የተዉአት ግን አልሞተችም፤ በ2008፥ ልክ ከተወለደች በ100 ዓመቷ፥ ሩገር የተባለው የአሜሪካ ፋብሪካ ለእርሷ አዲስ የኪስ ሽጉጥ አወጣላት፤ ገበያውም ደራ። የተፈለገችው አሁንም ለዚያው ለመሸሸግ ነው።

አሁን ወደ ሌባው እንምጣ፤ «ሌባ ቢመጣስ?» ብለኸኛልና። ሁለት ሐኪሞች በአሜሪካ የሲያትል ከተማ ባለችበት ወረዳ ከ1978 እስከ 1983 በመሣሪያ የሞቱትን ሰዎች ቈጥረው በ1986 አሳተሙ። መሣሪያው በተቀመጠበት በዚያው ቤት ውስጥ የሞቱት 398 ነበሩ። ከእነዚህ ውስጥ ሊገባ ሲሞክር የተገደለ እንግዳ ሰው ስንት ይመስልሃል? ሁለት። ራስን ለመከላከል ተብሎ የተገደሉ ሌሎች ሰባት ነበሩ። በገዛ እጃቸው ሕይወታቸውን ያጠፉት 333 ናቸው። የቀሩት በጠብና በስሕተት የሞቱ ናቸው። ለዚህ ቈጠራ ነቀፌታ እንደ ቀረበበት አውቃለሁ፤ ሽጉጥ አይቶ የሸሸ ሌባ ከሬሳ ጋራ አይቈጠርምና። ነቀፌታው ተገቢ ነው፥ እቀበለዋለሁ። ሆኖም ሌባ በውሻም ይሸሻል፥ በጎረቤት ጩኸትም ይሸሻል፤ እነዚያ 333ቱ ግን ከውጭ የመጡ አልነበሩም። በሩን ቈልፎ በውስጥ ያለውን ሐዘን ሳይቈልፍ፥ ለሐዘኑም መሣሪያ በመሳቢያ አስቀምጦ የተኛ ሰው ቤቱን ጠበቀ ይባላል? ሰው የሚከፋበት ሌሊት አለው። ያ ሌሊት ይነጋል፤ ከትራሱ ሥር ሽጉጥ ላለው ግን ሳይነጋ ሊቀር ይችላል።

ስለ ውርስና ስለ ክብር የተናገርኸውን ሳልነካ አላልፍም። ያን ዕለት ሽጉጡን በመኪናህ ውስጥ አሳየኸኝ። በጎኑ ላይ 1937 ተብሎ ተቀርጾ ከአጠገቡ በሮማ ቍጥር 15 ተጽፎበታል። ያ 15 ምን እንደ ሆነ ታውቃለህን? ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘበት ከ1922 ጀምሮ ፋሺስቶች ለራሳቸው ያወጡት የዘመን ቍጥር ነው። ከክርስቶስ ልደት ጐን የራሳቸውን ልደት ጻፉ። 15ኛው ዓመታቸው ከ1936 ኦክቶበር መጨረሻ እስከ 1937 ኦክቶበር መጨረሻ ነበረ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ሦስት ቀን ሙሉ ሕዝባችን የታረደው በዚሁ በ15ኛው ዓመት ውስጥ ነው። የአንተ ሽጉጥ በዚያ ቀን ተተኰሰ አልልም። አያትህ ከጠላት ማርከውት ከሆነ ክብሩ የአያትህ ነው፥ የብረቱ አይደለም። ጋንዲ የተገደሉበት ቤሬታም በጣልያን መኰንን እጅ ወደ አገራችን መጥቶ፥ ከዚህ ተማርኮ ወደ ህንድ እንደ ተሻገረ ተደጋግሞ ተጽፏል። እንዲህ ከሆነ የማረከውም ሰው እንደ አያትህ ጀግና ነበረ፤ ምርኮው ግን የት እንደ ደረሰ ታያለህ። የሰርቦች፥ የክሮአቶችና የስሎቬኖች መንግሥትም ከዚያ ሁሉ ደም በኋላ በ1920ዎቹ ለመኰንኖቹ ያንኑ ጥይት የሚጐርስ ሽጉጥ ከዚያው ከቤልጅየሙ ፋብሪካ አዘዘ። ሰው ከብረት ጋራ ከተዋደደ ታሪክ አያስጥለውም።

ሕጉን በተመለከተ፥ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ አዋጅ ቍጥር 1177 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ይከለክላል፤ ፈቃድ አለህ ወይስ የለህም የምለውን ለአንተና ለሕግ ሰዎች እተወዋለሁ። እኔ የምናገረው ፈቃድ ስላለውም ሰው ነው። ፈቃድ ወረቀት ነው፤ ሕፃን ወረቀት አያነብም።

አሁን እስከ ዛሬ በጽሑፍ ያላወጣሁትን ነገር እናገራለሁ። በ1978 ዓ.ም. በአንዲት የአውራጃ ከተማ የሳይንስ መምህር ነበርሁ። ስለ ሙቀትና ስለ ጋዝ አስተምሬ፥ ተማሪዎቹ ከቤታቸው የሚያውቁትን አንድ ምሳሌ እንዲሥሉ አዘዝሁ። ሌሎቹ የሚፈላ ጀበና ሣሉ። አንድ የ12 ዓመት ልጅ ግን አንዲት ጥይት ለሁለት ተሰንጥቃ፥ ቀለህዋን፥ ባሩዷን፥ መለኰሻዋንና እርሳሷን እየለየ፥ በማስመሪያ አስተካክሎ ሥሎ አመጣ። ከሥሩ «ዘጠኝ አጭር» ብሎ ጻፈ። ከየት አወቅህ ብለው «አባቴ ከፍራሹ ሥር አለው፥ እኔ መፍታትም መግጠምም እችላለሁ» አለኝ። እኔ ምን አደረግሁ? በቀይ እስክሪብቶ «በጣም ጥሩ» ብዬ ጻፍሁበትና ደብተሩን ለክፍሉ አሳየሁ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ የልጁ ታናሽ እኅት ሞተች። ስድስት ዓመቷ ነበረ። አባትየው ጠንቃቃ ሰው ነበረ፤ ካዝናውን አውጥቶ ለብቻው በሣጥን ቈልፎበት ነበር። ነገር ግን ካዝና ሲወጣ በሽጉጡ ጉሮሮ ቀድማ የገባችው አንዲት ጥይት አብራ አትወጣም። ልጁም ባዶ ነው ብሎ ለእኅቱ አሠራሩን ያስረዳት ነበር፤ እኔ በክፍል እንደማስረዳው።

በዚያ ዘመን ለቀበሌ «እገሌ ሽጉጥ ደብቋል» ብሎ መናገር ሰውን ለምን ዓይነት መከራ አሳልፎ መስጠት እንደ ነበረ የኖረበት ሁሉ ያውቃል። ብዙ ዓመት በዚህ ምክንያት ራሴን ሳጽናና ኖርሁ። ምክንያቱ ግን ሐሰት ነው። አባትየውን በእሑድ ቀን ቤቱ ሄጄ፥ ለብቻው ጠርቼ፥ «ወንድሜ፥ ልጅህ ያውቃል» ማለት ይቻለኝ ነበር። ቤቱ ከትምህርት ቤቱ ሩቅ አልነበረም። ያልሄድሁት ፈርቼ አይደለም፤ ነገሩ ትንሽ መስሎኝ ነው። ልጄ፥ በግብዣው ላይ «ትንሽ ናት እኮ» ስትለኝ ከአንተ ጋራ የሣቅሁት ያው ሰው ነኝ።

«ታዲያ ምን ላድርገው?» ትለኝ ይሆናል። መጀመሪያ ካዝናውን አውጣ፥ ቀጥሎ ጉሮሮውን ከፍተህ እይ፤ ሦስት ጊዜ እይ። ከዚያ ሽጉጡንም ጥይቶቹንም ለፖሊስ ጣቢያ አስረክብ። የአያትህን መታሰቢያ የምትፈልግ ከሆነ ፎቶግራፋቸውን በትልቁ አሳትመህ ከግድግዳህ ስቀል፤ ለልጆችህም ስለ ጀግንነታቸው ንገራቸው። ይህን ለማድረግ ጥይት አያሻም።

ያን ቀን የሆነውን አንድ ነገር ደግሞ ጨምሬ ላብቃ፤ አንተም ታስታውሰዋለህ። ለመሄድ ስንነሣ ጥይቷ ከጠረጴዛው ላይ አልነበረችም። ሩብ ሰዓት ያህል ከወንበር ሥርና ከምንጣፍ ሥር ፈለግን፤ ሣቁም እየቀነሰ ሄደ። በኋላ የባለ ቤቱ ትንሿ ልጅ ሲኒዎቹን ስታነሣ አብራ ወስዳት፥ ከሲኒዎቹ ጋራ በሳፋ ውኃ ውስጥ ተዘፍዝፋ ተገኘች። ልጅቱን ስንት ዓመትሽ ነው ብዬ ጠየቅኋት፤ «ስምንት» አለችኝ። አንተም ጥይቷን በመሐረብህ አድርቀህ ወደ ኪስህ መለስሃት።